ጄል ሲለጠጥ ውስጡ ምን ይሆናል? ነገሩ ያለው ቋጠሮው ላይ ነው

ባለፈው ሳምንት ፒያሳ፣ ከራስ መኮንን ድልድይ ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ ጎሚስታ ዘንድ ጎማ ላስጠግን ቆሜ ነበር። ልጁ ካላማዳሪያውን ነፍቶ ውኃ ገንዳ ውስጥ እያገላበጠ አረፋ የሚወጣበትን ቦታ ፈለገ። ሲያገኘው ምልክት አደረገበት፣ አደረቀው፣ ዙሪያውን በብርጭቆ ወረቀት አሻከረው፣ ማስቲሽ ቀብቶ ቁራጭ ጎማ ለጠፈበት፤ ከዚያ በኤሌክትሪክ በሚሞቅ መጫኛ ብረት መሀል ጥርቅም አድርጎ አሰረው። «ትንሽ ይቆያል ጋሼ» አለኝ። እስከዚያው መልስ ሊሰጠኝ ከኪሱ የብር ጥቅል አወጣ። ጥቅሉ የታሰረው በዚያ ባንክ ቤት በምናውቀው ቀጭን ላስቲክ ነው። ፈታውና በሁለት ጣቱ እየለጠጠ፣ «እርስዎ ኬሚስትሪ ነው አይደል የሚያስተምሩት? ይሄ እንዲህ ሲሳብ ውስጡ ያለው ነገር ምን ይሆናል? ራሱ ይረዝማል ወይስ እርስ በርሱ ይላቀቃል?» ብሎ ጠየቀኝ።

ሁለቱም አይደለም። ግን ጥያቄው የዋዛ አይደለም፤ ዛሬም ትልልቅ ቤተ ሙከራዎች የሚደክሙበት ጥያቄ ነው። እዚያ ቆሜ ግማሹን ነገርኩት፤ እዚህ ሙሉውን ልሞክር።

ላስቲኩን አስመለስኩና «ከንፈርህ ላይ አስጠጋው፣ አሁን ቶሎ ለጥጠው» አልኩት። ለጠጠው። ዓይኑ ፈጠጠ። «ሞቀ!» «እንደተለጠጠ ትንሽ አቆየውና ድንገት ልቀቀው።» ለቀቀው። «ቀዘቀዘ» አለ፣ ላስቲኩን አገላብጦ እያየ።

ይህን ነገር ጽፎ ያቆየልን ጆን ጎፍ የተባለ እንግሊዛዊ ነው፤ ዘመኑም 1805። (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ጎፍ በሕፃንነቱ ፈንጣጣ ዓይኑን ያጠፋበት ሰው ነበር። ቴርሞሜትሩ ከንፈሩ ነው። ሌላም ነገር ደረሰበት፤ ክብደት ተንጠልጥሎበት የተለጠጠ ላስቲክ ሲሞቅ ከመርዘም ይልቅ ይሰበሰባል። ብረት ብናሞቀው ይረዝማል፤ ላስቲክ ግን በተቃራኒው። በ1859 ጄምስ ጁል በመሣሪያ ለክቶ ጎፍ ልክ መሆኑን አረጋገጠ። ለምን እንደዚያ እንደሚሆን ግን ሁለቱም አላወቁም፤ ማወቅም አይችሉም ነበር። ምክንያቱም ላስቲክ ከምን እንደተሠራ ገና አልታወቀም።

ላስቲክ የተሠራው እጅግ ረጃጅም ከሆኑ ክር መሰል ሞለኪውሎች ነው። ፖሊመር የምንለው ይህን ነው። ሄርማን ሽታውዲንገር የተባለው ጀርመናዊ ኬሚስት በ1920 «እነዚህ ነገሮች በሺህ የሚቆጠሩ ቁራጮች ተቀጣጥለው የሠሩት አንድ ረጅም ሞለኪውል ናቸው» ሲል ብዙዎቹ የሙያ ባልደረቦቹ አልተቀበሉትም። ያን ያህል ረጅም ሞለኪውል ይኖራል ብሎ ማሰብ ለዘመኑ ከበደ። የኖቤል ሽልማት የሰጡት በ1953 ነው፤ ሰባ ዓመት አልፎት።

ክሩ በየመገጣጠሚያው መዞር ይችላል፣ ሙቀት ስላለም ለአፍታ አያርፍም። አሥር ልጆች እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ሜዳ ላይ እንዳሻቸው ቢዘሉ ምን ይሆናል? ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሰልፉ ተጥመልምሎ ተጠቅልሎ ታገኙታላችሁ እንጂ ቀጥ ያለ መስመር ሆኖ አታገኙትም። ማንም ተጠቅለሉ አላላቸውም። የመጠቅለያው መንገድ እልፍ ስለሆነና ቀጥ ብሎ መቆሚያው መንገድ አንድ ብቻ ስለሆነ ነው። አሁን ዳርና ዳር ያሉትን ሁለት ልጆች ይዛችሁ ብትስቡ ሰልፉ ይረዝማል፤ የአንድም ልጅ ክንድ ግን አልረዘመም። የጎሚስታው ልጅ ጥያቄ መልስ ይህ ነው። ክሩ ራሱ አይረዝምም፣ አይላቀቅምም፤ ጥምልምሉ ነው የሚፈታው። ስትስቡ እጃችሁ ላይ የሚሰማችሁ ጉተታ ደግሞ ልጆቹ መዝለላቸውን ስላላቆሙ የሚመጣ ነው። ሲሞቅ ይበልጥ ይዘላሉ፣ ይበልጥ ይጎትታሉ፤ ጎፍ ያገኘው መሰብሰብ ይኸው ነው። ሳይንቲስቶች «ኢንትሮፒ» የሚሉት ነገር ብዙ ሰው ያስፈራል፤ እዚህ ላይ ግን ትርጉሙ «ስንት ዓይነት አቀማመጥ ይቻላል?» ከማለት አያልፍም። መለጠጥ የአቀማመጥ ምርጫን ማሳጣት ነው።

ግን አንድ ነገር ጎድሏል። ማስቲካም ከረጃጅም ክሮች ነው የተሠራው። ከአፋችሁ አውጥታችሁ ብትለጥጡት ይረዝማል፣ ከረዘመም በኋላ እንደረዘመ ይቀራል። ላስቲክ ግን ይመለሳል። ልዩነቱ ክሩ ላይ ሳይሆን ቋጠሮው ላይ ነው። የማስቲካው ክሮች ተጠላልፈዋል እንጂ አልተቋጠሩም፤ ሲሳቡ አንዱ በሌላው ላይ እየተንሸራተተ ያመልጣል። ቻርልስ ጉድይር በ1839 የዛፉን ላስቲክ ከድኝ ጋር አሙቆ ያገኘው ነገር፣ በክርና ክር መሀል የድኝ ቋጠሮ መሆኑ የታወቀው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ቋጠሮው ሲበዛ ላስቲኩ ይጠነክራል፤ ከልክ ሲያልፍ እንደ እንጨት ይሆናል።

ጄል ማለት እንግዲህ ይኸው የተቋጠረ መረብ ውኃ ሲጠጣ ነው። ከክብደቱ ዘጠና በመቶ በላይ ውኃ ሆኖ ሳይፈስ የሚቆም ጄል አለ። የሕፃን ዳይፐር ውስጥ ያለው ነጭ ዱቄት መሰል ነገር፣ ለስላሳው ኮንታክት ሌንስ፣ የልጆች ጄሊ ከረሜላ፣ ሁሉም እዚህ ይመደባሉ። ከጓዳችንም ዘመዶች አሏቸው። ተልባ ውኃ ውስጥ ሲያድር የሚያወጣው ዝልግልግ ነገር፣ የአብሽም እንዲሁ፣ ረጃጅም የስኳር ሰንሰለቶች ውኃ ይዘው የሠሩት ነው። ቋጠሯቸው ግን ጊዜያዊና ልል ስለሆነ በማንኪያ ሲነሣ ይጎተታል እንጂ እንደ ጄሊ ራሱን ችሎ አይቆምም። ጄሊ ከረሜላን ብዙውን ጊዜ የሚቋጥረው ጄላቲን ከእንስሳ ቆዳና አጥንት የሚወጣ ፕሮቲን ነው፤ ሦስት ሦስት ክሮች እንደ ሹሩባ እየተጎነጎኑ ቋጠሮ ይሆናሉ፣ ሲሞቁም ይፈታሉ። (በጾም ቀን ለልጅ ጄሊ ከረሜላ የምትገዙ ካላችሁ ጥቅሉን አንብቡ።)

የቋጠሮን ሥልጣን በዓይን ማየት የሚፈልግ ሰው አንድ ንጹሕ ዳይፐር ቀድዶ ከጥጡ መሀል ያለውን ደቃቅ ፍሬ በብርጭቆ ያራግፍ። ውኃ ሲጨመርበት በደቂቃ ውስጥ ያብጣል፤ ከራሱ ክብደት ብዙ መቶ እጥፍ ንጹሕ ውኃ መያዝ ይችላል። ጨው ሲነሰነስበት ደግሞ ውኃውን እየለቀቀ ይኮማተራል። ፋብሪካው ቋጠሮውን ቢያበዛው ፍሬው ብዙም አያብጥም፤ ቢያሳንሰው ያብጥና ልጋግ ይሆናል። ያው ክር፣ ያው ውኃ ነው። የተለወጠው የቋጠሮ ቁጥር ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ጄሉን ይዘን ለጠጥነው እንበል። ውስጡ የሚንቀሳቀሱት ሦስት ናቸው፤ ክሮቹ ራሳቸው፣ በክሮቹ መሀል ያለው ውኃ፣ እና በእንግድነት የገባ ሌላ ሞለኪውል፤ ቀለም፣ መድኃኒት ወይም ፕሮቲን ሊሆን ይችላል። መለጠጡ ሦስቱንም አንድ ዓይነት አያደርጋቸውም።

የሽንኩርት መረብ ከረጢት ፈልጉ፤ ያን ቀዩን። ሳይሳብ ዓይኖቹ ወደ ክብነት ያደላሉ። ጫፍና ጫፉን ይዛችሁ ስትስቡት እያንዳንዱ ዓይን በሚሳብበት በኩል ይረዝምና በጎን ይጠብባል። ክፍት የነበረው ቀዳዳ ስንጥቅ ይሆናል። ጄልም ላይ ይኸው ነው የሚሆነው፤ ሒሳቡም የሚያስቸግር አይደለም። ውኃው ወጥቶ ለመሄድ ጊዜ ካላገኘ የጄሉ ይዘት አይለወጥም። ስለዚህ ርዝመቱ አራት እጥፍ ሲሆን ወርዱም ውፍረቱም እኩል ግማሽ ይሆናሉ። የዓይኖቹም ወርድ በአማካይ ግማሽ ይሆናል ማለት ነው።

ታዲያ ውኃው ተጨነቀ? አልተጨነቀም። የውኃ ሞለኪውል ስፋት 0.3 ናኖሜትር ያህል ነው። ውኃ የበዛበት ጄል ላይ የመረቡ ዓይን ከጥቂት ናኖሜትር እስከ ብዙ አሥር ናኖሜትር ይደርሳል። አሥር ናኖሜትሩን ብንወስድ ከውኃው ሠላሳ እጥፍ ይሰፋል። በሰው መጠን ስናስበው፣ አንድ እግረኛ አሥራ አምስት ሜትር በሚሰፋ በር እንደማለፍ ነው። በሩ ወደ ሰባት ሜትር ተኩል ቢጠብ እግረኛው ልብ አይለውም። ስለዚህ ብዙ ውኃ የያዘ ጄል ውስጥ ያለ ውኃ ተለጠጠም አልተለጠጠም ጉዞው ብርጭቆ ውስጥ ብቻውን ካለው ውኃ ብዙም አይዘገይም።

ስለ ጉዞ ካነሣን የሞለኪውል አካሄድ እንደ እኛ አይደለም። እንደ ሰካራም ነው፤ አንድ እርምጃ ወደዚህ፣ አንድ ወደዚያ። በዚህ የተነሣ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጊዜው አራት እጥፍ ይሆናል። በክፍል ሙቀት አንድ የውኃ ሞለኪውል ከተነሣበት በአማካይ አንድ ሚሊሜትር ለመራቅ አራት ደቂቃ አይሞላውም። አንድ ሴንቲሜትር ለመራቅ ግን ስድስት ሰዓት ይፈጅበታል። የጄል ነገር ሁሉ ከዚህ ሒሳብ አያመልጥም። ቀጭን ጄል ቶሎ ያብጣል፣ ቶሎ መድኃኒቱን ይለቃል፤ ውፍረቱ እጥፍ የሆነ እንደሆነ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል።

ውኃው በጉዞው ባይጨነቅም ታዲያ መለጠጡን አንዳች አላወቀም ማለት አይደለም። ለእኔ ከዚህ ታሪክ ሁሉ የሚደንቀኝ ይህ ክፍል ነው። የውኃ ሞለኪውል ከመጓዙ በላይ ይሽከረከራል፤ በሰከንድ በቢሊዮኖች የሚቆጠር ጊዜ ፊቱን ያዞራል። ባልተለጠጠ ጄል ውስጥ ወደየትም አቅጣጫ አያደላም። ጄሉ ሲለጠጥ ግን ክሮቹ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላሉ፣ ውኃውም በየቅጽበቱ እነሱን እየነካ ስለሚያልፍ ትንሽ፣ እጅግ ትንሽ፣ አድልዎ ይይዛል። የደመራ ዕለት መስቀል አደባባይን አስቡት። ሰው ሁሉ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ጓደኛ ይጠራል፣ ልጁን ይፈልጋል፣ ስልኩን ያያል። አንዱን ሰው ብቻ ብትመለከቱ ደመራው በየት በኩል እንዳለ አታውቁም። የመቶ ሺሁን ፊት አማካይ ብታወጡ ግን አቅጣጫው ወለል ብሎ ይታያል። በተለጠጠ ጄል ውስጥ የውኃው አድልዎ ከሺህ አንድ እጅ እንኳ ላይሞላ ይችላል፤ ሆኖም ይለካል።

የሚለካው ኤን ኤም አር በሚባል መሣሪያ ነው፤ የሐኪም ቤቱ ኤምአርአይ የቅርብ ዘመዱ ነው። ጄሉን በተራ ውኃ ሳይሆን ከባድ ሃይድሮጅን ባለበት ውኃ ይሠሩትና ብርቱ ማግኔት ውስጥ ያስገቡታል። ሳይለጠጥ መሣሪያው አንድ ቀጭን መስመር ያሳያል። ሲለጠጥ መስመሩ ለሁለት ይሰነጠቃል። ይበልጥ በተለጠጠ ቁጥር ሁለቱ መስመሮች ይበልጥ ይራራቃሉ። ደስ የሚለው ደግሞ ይህ ነው፤ ጄሉን ሳትለቁት አቅጣጫውን ከማግኔቱ አንጻር ወደ 54.7 ዲግሪ ብታዞሩት ሁለቱ መስመሮች ተመልሰው አንድ ይሆናሉ። የተለጠጠው እንደተለጠጠ ነው፤ አድልዎው ግን ከዚያ ማዕዘን ላይ ሲታይ ይጠፋል። ኬሚስቶች ይህን ወደ ጥቅም ለውጠውታል። ቅርጹን ማወቅ የፈለጉትን ሞለኪውል በተለጠጠ ጄል ውስጥ አስገብተው ትንሽ አቅጣጫ ያስይዙትና፣ አቶሞቹ እንዴት እንደተቀመጡ ከመስመሮቹ መሰንጠቅ ያነባሉ።

እንግዳው ትልቅ ሲሆን ደግሞ ሌላ ነው። ስፋቱ ከመረቡ ዓይን ጋር የሚቀራረብ ፕሮቲን ጄሉ ሳይለጠጥ በግድ ያልፍ ከነበረ፣ የዓይኑ ወርድ ግማሽ ሲሆን ክብ ከሆነ ይያዛል። የሽንኩርት መረቡ ላይ ሞክሩት፤ በክፍት ዓይን የሚያመልጥ ትንሽ ሽንኩርት መረቡ ሲሳብ ተቀርቅሮ ይቀራል። የዓይኑ ርዝመት ምንም ያህል ቢጨምር አይረዳውም፤ የሚወስነው ጠባቡ በኩል ነው። ቀጭንና ረጅም እንግዳ ግን፣ ለምሳሌ ዲኤንኤ፣ ሌላ ብልሃት አለው። እንደ እባብ በራሱ ርዝመት ይሳባል። ፒየር ዢል ደ ዤን የተባለው ፈረንሳዊ የፊዚክስ ሊቅ ይህን አካሄድ በ1971 በሒሳብ ጻፈው፤ ሳም ኤድዋርድስ ደግሞ ከእሱ በፊት፣ በ1967፣ እያንዳንዱ ክር በጎረቤቶቹ በተሠራ ቱቦ ውስጥ እንደታሰረ አድርጎ አስቦት ነበር። በ1994 ስቲቨን ቹ ከባልደረቦቹ ጋር ቀለም የገባበት አንድ የዲኤንኤ ክር በሌሎች ክሮች መሀል የራሱን ዱካ ተከትሎ ሲሳብ በማይክሮስኮፕ አሳዩ። መረቡ ሲለጠጥ ቱቦውም አብሮ ስለሚለጠጥ፣ እባቡ መንገዱ በአንድ ወገን ተዘርግቶ ይጠብቀዋል።

ክሮቹ በአንድ አቅጣጫ ሲደረደሩ እነሱን ተከትሎ መሄድ እነሱን አቋርጦ ከመሄድ ይቀላል፤ በአጥር ዳር መሄድና አጥር መዝለል አንድ እንዳልሆነው። ይህ በሰውነታችንም ይሠራል። በአንጎል ነጭ ክፍል ውስጥ ያለ ውኃ በነርቭ ክሮቹ ርዝመት ሲጓዝ ይፈጥናል፣ ክሮቹን ሲያቋርጥ ይዘገያል። ከ1994 ጀምሮ የነፒተር ባሰር ዘዴ ይህን ልዩነት በኤምአርአይ እየለካ የነርቭ መንገዶችን ካርታ ለመሥራት አስችሏል። ሐኪሙ ክሩን አያየውም። የውኃውን አካሄድ አይቶ ክሩ በየት በኩል እንደሚያልፍ ያውቃል።

እስካሁን መረቡ ሁሉ እኩል ዓይን እንዳለው አድርጌ ነው ያወራሁት። ውሸት ነበር፤ ለማቅለል ብዬ ነው። ሸማኔ የሠራው ነጠላ ድርና ማጉ እኩል ነው፤ ዓይኑ ሁሉ ይመሳሰላል። ተራ ጄል ግን ሸማኔ የለውም። ብልቃጥ ውስጥ ክርና ቋጣሪ ኬሚካል አንድ ላይ ይጨመሩና ቋጠሮው በተገናኙበት ሁሉ ይታሰራል። አንዱ ቦታ ይበዛል፣ ሌላው ቦታ ይሳሳል። አንዳንዱ ክር ሁለቱም ጫፉ እዚያው አንድ ቋጠሮ ላይ ታስሮ ቀለበት ይሆናል። ሌላው በአንድ ጫፉ ብቻ ተይዞ እንደ ነጠላ ዘርፍ ይንጠለጠላል።

እንዲህ ያለውን ጄል ስትለጥጡት ሸክሙ በእኩል አይከፋፈልም። በሁለት ቋጠሮ መሀል ያለው አጭር ክር ቶሎ ይወጠራል፤ መጥመልመያ ስላጣ እንቅስቃሴው ይታፈናል፣ መጀመሪያ የሚበጠሰውም እሱ ነው። ረጅሙ ክር ገና ልል ነው። ቀለበቱና ዘርፉ ደግሞ ጄሉ መለጠጡን የሰሙም አይመስሉም፤ እንደ ድሯቸው ይዘላሉ። አንድ ጄል ውስጥ፣ በአንድ ቅጽበት፣ አንዱ ክር ተገትሮ ሌላው ይጨፍራል። ኤን ኤም አሩም ከክሮቹ የሚያገኘው ሁለት ጥርት ያሉ መስመሮች ሳይሆን የተቀላቀለ ሰፊ ጉብታ ይሆናል። ስለዚህ ሁለት ሰዎች ከአንድ ዓይነት ክር፣ እኩል ውኃ ጨምረው፣ እኩል ቋጠሮ አስገብተው ሁለት ጄል ቢሠሩ፣ የቋጠሮው አቀማመጥ ከተለያየ ሲለጠጡ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የጄል አዋቂዎች «ከምን ተሠራ?» ከሚለው ይልቅ «እንዴት ተቋጠረ?» የሚለውን የሚያስቀድሙት ለዚህ ነው።

በዚህ ጃፓኖች ብዙ ርቀው ሄደዋል። ሦስት መላ አላቸው፣ ሦስቱም ቋጠሮ ላይ ያነጣጠሩ።

አንደኛው የሸማኔውን ሥራ ወደ ብልቃጥ ማምጣት ነው። የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በ2008 ያሳዩት ጄል የሚሠራው አራት እኩል ክንድ ካላቸው ሞለኪውሎች ነው። ሞለኪውሎቹ ሁለት ወገን ናቸው፤ የአንዱ ወገን ክንድ የሚጨብጠው የሌላውን ወገን ክንድ ብቻ ነው፣ የራሱን ወገን አይነካም። በዚህ ብልሃት ክሩ ዞሮ ራሱን የሚያስርበት ትንሽ ቀለበት አይፈጠርም፤ ዓይኖቹም ተቀራራቢ ይሆናሉ። ሲለጠጥ ክሮቹ አብረው ይወጠራሉ።

ሁለተኛው ከሁሉ የምወደው ነው። በ2001 ያሱሺ ኦኩሙራና ኮዞ ኢቶ ቋጠሮውን ጭራሽ እንዳይጠብቅ አደረጉት። ቀለበት መሰል ሞለኪውሎችን እንደ ጨሌ በክር ላይ ሰኩና፣ የአንዱን ክር ቀለበት ከሌላው ክር ቀለበት ጋር አያያዙ። ቋጠሮው ስምንት ቁጥር ይመስላል፣ በሁለቱም ክር ላይ መንሸራተት ይችላል። ጄሉ ሲሳብ ቀለበቱ እንደ ጉድጓድ ውኃ መቅጃ መዘውር ይሆናል፤ በተወጠረው በኩል ክር ይለቃል፣ ከልሉ በኩል ይስባል። አጭርና ረጅም የሚባል ክር አይኖርም፤ ሸክሙ ራሱ እየተንሸራተተ ይካፈላል። በጣም ሲለጠጥ ደግሞ ክሮቹ ጎን ለጎን ተደርድረው ለጊዜው እንደ ክሪስታል ይጠነክራሉ፣ ሲለቀቁም ይፈታሉ። በዚህ ዓይነት ጄል ላይ ይህ የታየው በ2021 ነው። የዛፍ ላስቲክ ተለጥጦ ክሪስታል እንደሚሠራ ግን ካትዝ የተባለ ተመራማሪ በኤክስሬይ ያየው በ1925 ነበር፤ ውኃ የሌለበት ደረቅ ላስቲክ ያንን ይችልበት ነበር፣ ይህ በውኃ የተሞላ ጄል ግን የቻለው ቋጠሮው ስለሚንሸራተት ነው።

ሦስተኛው ትንሽ ጭካኔ አለበት። በሆካይዶ ዩኒቨርሲቲ ጂያን ፒንግ ጎንግ በ2003 ሁለት መረብ አንዱን በአንዱ ውስጥ ሠራች። የመጀመሪያው ቋጠሮው የበዛ፣ የተወጠረና ተሰባሪ ነው፤ ሁለተኛው ልልና ረጅም። ጄሉ ሲለጠጥ ተሰባሪው መረብ በየቦታው ይበጠሳል፣ በመበጠሱም ኃይሉን ይበላል፤ ልሉ መረብ ግን ሁሉንም አቅፎ ይቆያል። የመኪና ፓራውልት ተሰብሮ ሞተሩን እንደሚያተርፈው ማለት ነው። ዘጠና በመቶ ውኃ የሆነ ነገር በቢላ ሲጫኑት እንቢ የሚለው በዚህ ነው። ዋጋው ግን አለ፤ የተበጠሰው ተመልሶ አይቋጠርም፣ ሁለተኛ ጊዜ ሲለጠጥ ጄሉ ይለሰልሳል።

ይህ ሁሉ ለማን ይጠቅማል የሚል ካለ፣ ኮንታክት ሌንስ ከሚያደርግ ሰው ይጀምር። ሲሊኮን በሌለበት ለስላሳ ሌንስ ኦክስጅን ወደ ዓይን የሚደርሰው በመረቡ ውስጥ ባለው ውኃ በኩል ነው። ኦቶ ቪክተርሌ የተባለው የቼክ ኬሚስት የመጀመሪያዎቹን በ1961 የገና ሰሞን ቤቱ ቁጭ ብሎ፣ ከልጆች መጫወቻ ብረታ ብረት በገጣጠመው ማሽን ነው የሠራቸው። ጉልበት ላይ የሚለጠፍ መድኃኒት ያለበት ጄልም አለ፤ ሰውዬው በተራመደ ቁጥር ይለጠጣል፣ ዓይኑም ይጠብባል ይሰፋል፤ መድኃኒቱ ትንሽ ሞለኪውል ከሆነ ግድ የለውም፣ ትልቅ ፕሮቲን ከሆነ ግን የሚወጣበትን ፍጥነት ሊወስን ይችላል።

ክሮች በመለጠጥ መደርደራቸውን ያለ ቤተ ሙከራ መሣሪያ ማየት ይቻላል። የላፕቶፕ ስክሪን ላይ ነጭ ገጽ ክፈቱና ፖላራይዝድ የሚባለውን፣ ነጸብራቅ የሚቀንሰውን የፀሐይ መነጽር ይዛችሁ ስክሪኑ እስኪጨልም አዙሩት። በመሀሉ ብርሃን የሚያሳልፍ ጄሊ ከረሜላ አስገቡና በሁለት እጅ ሳቡት። በጨለማው ውስጥ ከረሜላው ይበራል። አቅጣጫ የያዙት ክሮች ብርሃኑን ስለሚያጣምሙት ነው። ልጆቼ ከዚህ በኋላ ከረሜላውን ሳይስቡ አይበሉም፤ እናታቸው አልወደደችውም።

ጎሚስታው ዘንድ ይህን ሁሉ አላወራሁም። የቋጠሮውን ነገር ስጨርስ ልጁ ወደ መሳቢያው ሄዶ አንድ ያረጀ ላስቲክ አመጣ፤ የደረቀ፣ የተሰነጣጠቀ። «ይሄስ?» አለኝ። አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን በዓመታት ውስጥ ክሩን ይቆርጠዋል፣ ሌላ ቦታ ደግሞ ያልተፈለገ ቋጠሮ ያስራል፤ ኦዞን የሚባለው ጋዝ በተለይ ተወጥሮ የኖረ ላስቲክ ሲያገኝ ስንጥቁን በመወጠሪያው አቋርጦ ይከፍተዋል። ስቦት ነበርና እጁ ላይ ተበጠሰ። ሳቀ።

ከዚያ የመጫኛውን ብረት ፈታ። ካላማዳሪያው ይጨሳል። «እንግዲህ አንተ አሁን የሠራኸው ይኸንኑ ነው» አልኩት። «ሙቀቱና ማስቲሹ በቁራጩና በካላማዳሪያው መሀል አዲስ ቋጠሮ አሰሩ።» ቁራጩን በጥፍሩ ጠርዙ ላይ ፈነቀለው፤ አልተነሣም። ካላማዳሪያውን በሁለት እጁ ይዞ በቁራጩ ግራና ቀኝ ሳበው፤ ቁራጩ አብሮ ተለጠጠ፣ አብሮ ተመለሰ። «ቋጥሯል ጋሼ» አለና ወደ ጎማው ከተተው።